ከስሙ ሥር ያለው ቤት

የእህቴ የልጅ ልጅ ለትምህርት ቤቷ ካርታ እየሠራች ነበር። ወንዞቹን በሰማያዊ እርሳስ ስላ ጨርሳለች፣ የቦታዎቹን ስም በቀጫጭን ወረቀት ጽፋ ቆራርጣለች፣ አሁን አንድ በአንድ ትለጥፋለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ባቄላ እፈለፍል ነበር። ሽታው ሲመጣብኝ እጄ ቆመ። የሱቅ ሙጫ ስላለቀባት እናቷ የግራር ሙጫ በውሃ በጥብጣ ሰጥታታለች፤ ኮምጠጥ ያለ፣ የረጠበ እንጨት የሚመስል ሽታ አለው። ቀና ስል ልጅቷ አንዱን ስም ሁለት ነጥቦች ላይ ልትጭነው ነው። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ ባቄላው ተበተነ። እጇን ያዝኩና "እዚያ ላይ አይደለም፤ ከሥሩ ሰው አለ" አልኳት። ሳቀችብኝ። አልፈርድባትም፤ ለሷ ነጥብ ያው ነጥብ ነው።

ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ጃንሆይ ገና ዙፋናቸው ላይ ናቸው፤ እኛ ነቀምቴ እንኖራለን። አባቴ ካርታ ይሠራ ነበር። ከጎጃም በሥራ ተመድቦ የመጣ፣ ጣቶቹ ሁልጊዜ ጥቁር ቀለም የነካቸው፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። ያን ዓመት የዴዴሳ ቆላ መንደሮችን ቤት በቤት የሚያሳይ ካርታ እንዲሠራ ታዘዘ። ቆላውን ወባ ይፈጀው ስለነበር ክረምቱ ሳይጠና መድኃኒት ረጪዎች ወርደው የእያንዳንዱን ቤት ግድግዳ በዲዲቲ ይረጫሉ ተብሏል። አንድም ቤት እንዳይዘለል መጀመሪያ ቀይ ቀለም የያዘ ሰው ዞሮ በየበሩ ቁጥር ጻፈ። ከዚያ አባቴ ወርዶ ለካ፤ ሲመለስም እያንዳንዱን ቤት አንዲት ጥቁር ነጥብ አድርጎ ወረቀት ላይ አስቀመጠው።

የመሥሪያ ቤቱ ጣራ ያፈስ ስለነበር ሥራውን ጠቅልሎ ወደ ቤት አመጣው። እናቴ የታመመች እናቷን ልታስታምም ጎጃም ሄዳለች፤ የሚከለክለው የለም። የፊተኛው ክፍል የወረቀት፣ የቀለምና የግራር ሙጫ ሆነ።

ነጥቡ ለአባቴ ቀላሉ ሥራ ነበር። የሚያስጨንቀው ስሙ ነው። ቀለም ወረቀት ላይ ካረፈ ስለማይነሳ ስሞቹን በቀጥታ አይጽፍም። ወፈር ባለ ወረቀት ላይ በብዕር ጽፎ በምላጭ ይቆርጣቸዋል፤ ከዚያ ቁራጩን በስፒል ሰክቶ ቦታ ይፈልግለታል። የወንዝ ስም ከወንዙ ጋር ይታጠፋል። የመንደር ስም ከቤቶቹ በስተቀኝ፣ ከፍ ብሎ፣ ባዶ ሜዳ ላይ ያርፋል። በሁለት መንደሮች መካከል ቆሞ ማምታታት የለበትም፤ ቤት ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይተኛም። ጉቴን፣ ቢላን፣ አኖን የመሳሰሉ አጫጭር ስሞች ይወድ ነበር፤ የትም ይገባሉ ይላል። ረጅም ስም ሲያጋጥመው ግን ፊቱን አኮሳትሮ ክፍሉን ይዞራል።

ሰክቶ ሲጨርስ እኔን ይጠራል። በሩ ጋ አቁሞ ዓይኔን ያስጨፍነኝና "ግለጪ፤ ይሄ ስም የማን ነው?" ይለኛል። ሳልዘገይ በጣቴ ካሳየሁት ረካ ማለት ነው፤ ሙጫ ቀብቼ የምለጥፈው እኔ ነኝ። ካመነታሁ አይቆጣም፤ ቁራጩን ነቅሎ ሌላ ቦታ ይሰካዋል። "አንባቢው መፈለግ የለበትም፤ ዓይኑ እንዳረፈ ማግኘት አለበት" ይላል። በቀን አሥር ጊዜ አንባቢው ይላል። ከለጠፍኩ በኋላ ነጥቦቹን ቆጥሬ ድምሩን እነግረዋለሁ፤ እሱ ከቀይ ቀለሙ ሰውዬ ዝርዝር ጋር ያስተያየዋል። በዚህ ሥራ እኮራ ነበር፤ ትምህርት ቤት ሳይቀር አውርቼዋለሁ።

ቅጂ የሚያነሳው በመስኮቱ ነው። ዋናውን ወረቀት መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ ስስ ወረቀት ደርቦበት፣ በሚመጣው ብርሃን ይከተለዋል። የነቀምቴ ጉም እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ሲወርድ አጥሩን ይውጠዋል። የጎረቤታችን ቤት ጠፍቶ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ቤቶች፣ የወረቀቱ ነጥቦች፣ ጉሙ ላይ ጥቁር ጥቁር ሆነው ይቆማሉ። አንዳንዴ የተንቀሳቀሱ ይመስለኛል። አባቴን ብነግረው ዓይኔ ደክሞት እንደሆነ ነገረኝ።

የቤቱ ባለቤት አዳዳ ድንቄ ከጓሮ ይኖሩ ነበር። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ነው፤ ዘመዳችን ባይሆኑም ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ይጠራቸዋል። ማለዳ የወንጌል መዝሙር እያዜሙ ደጃቸውን ይጠርጋሉ፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን አይቀሩም። ሰው መቆጠርን በተመለከተ ግን ከሰባኪውም ጋር አይስማሙም። ስንት ልጅ እንደወለዱ ሲጠየቁ "ዋቃ ያውቃል" ብለው ለፈጣሪ ትተው ያልፋሉ። ላሞቻቸውን እንኳ በመልካቸው እየጠሩ ያስገባሉ እንጂ አይቆጥሩም። አንድ ቀን ነጥብ ስቆጥር ሰሙኝና መጥረጊያቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆሙ።

"ሂን ላካኢን፣ ኢንታላ ኮ። አትቁጠሪ ልጄ" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሰው ያለበት ቤት ነው። ይሰማል።"

ማን እንደሚሰማ ጠየቅኳቸው። ወረቀቱን አዩት፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉና ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምቆጥረው በሹክሹክታ ሆነ።

አልጋዬን የምጋራት ልጅ ሌንሴ ትባላለች። አባቷ ኦቦ ዋቅጅራ ጨፌ ቡርቃ የሚባል የቆላ መንደር ነዋሪ ናቸው፤ አባቴ ሊለካ በወረደ ጊዜ ቤታቸው ያሳደሩት እሳቸው ነበሩ። መንደሩ ትምህርት ቤት ስላልነበረው አባቴ ጥር ላይ ሌንሴን ከኛ ጋር ሆና እንድትማር ይዟት መጣ። በአንድ ዓመት ትበልጠኛለች። እግሯ ሁልጊዜ ትኩስ ነው፤ ብርድ ሲሆን እግሬን ከእግሯ ሥር እከታለሁ። ገና መራመድ የጀመረ ገለታ የሚባል ወንድም ነበራትና ስለሱ አውርታ አትጠግብም። ጥርሱን፣ ዶሮ ሲያባርር መውደቁን፣ ስሟን "ሌሴ" እያለ መጥራቱን፣ ሁሉን አውቀው ነበር።

የቀዩን ቁጥር ነገር የነገረችኝም እሷ ናት። ቁጥሩ በተጻፈ ሰሞን ዘጠኝ ቁጥር ቤት ያሉት ሽማግሌ ሞቱ። ወር ሳይሞላ አሥር ቁጥር ቤት አንድ ልጅ ሞተ። ሚያዝያ ላይ ኦቦ ዋቅጅራ ማር ይዘውልን ሲመጡ ደግሞ አሥራ ሦስት ቁጥር ቤት ያለችው ሴትዮ ማረፏን ለአባቴ ሲነግሩት ሰማን። የመንደሩ አሮጊቶች በሽታው በቁጥር ነው የሚሄደው ይላሉ አለችኝ ሌንሴ። ትመን አትመን አልገባኝም። የእነሱ ቤት አርባ ሁለት ነው፤ የመጨረሻው፣ ከወንዙ ማዶ ብቻውን የቆመው። እስኪደርስብን ብዙ ቤት አለ ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። ቤት ለቤት እየቆጠረ የሚሄድ ነገር ካለ፣ ካርታ ቢያገኝ እንዴት እንደሚቀለው አሰብኩ። ያን ጊዜ አባቴ ሌት ተቀን የሚያነሳው አንባቢ ማን እንደሆነ የገባኝ መሰለኝ። እኔ አይቼው አላውቅም፤ አባቴም መልኩን ነግሮኝ አያውቅም። ሳይፈልግ እንዲያገኝ፣ ዓይኑ እንዳረፈ እንዲያገኝ የሚለፋለት እሱ ነው። እኔ ደግሞ በሩ ላይ ቆሜ በጣቴ አሳየሁለት። እነዚያን ቀናት ምግብ አልበላ አለኝ፤ አባቴ እናቴ ናፍቃኝ ነው ብሎ አዘነልኝ።

የጨፌ ቡርቃ ወረቀት ተራ በግንቦት መጨረሻ ደረሰ። አባቴ ስሙን ከወንዙ ማዶ፣ ከአርባ ሁለት ቁጥሯ ነጥብ ከፍ አድርጎ ሰካው፤ ከዚያ ሌላ ባዶ ቦታ የለም። ጠየቀኝ፣ አሳየሁት፣ ረካ። ቀለም ሊገዛ ወደ ጉራጌው ሱቅ ሲወጣ እንድለጥፈው ነገረኝ። ሌንሴ ውሃ ልትቀዳ ወርዳለች። ብቻዬን ነኝ፤ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተደግፏል። ስፒሉን ነቀልኩ፣ ሙጫ ቀባሁ፣ ቁራጩን በግማሽ ጣት ያህል ወደታች አወረድኩት። ነጥቧ ከስሙ መጨረሻ ሥር ገባች። በአውራ ጣቴ ተጫንኩ። ከሥሩ ምስር የምታህል ነገር የምትሞቅ መሰለኝ፤ እስክትበርድ ድረስ እጄን አላነሳሁም። ከዚያ በኋላ ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ አያውቅም።

አባቴ ተመልሶ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። "አርባ ሁለት" አልኩት። ቀና ሳይል መዝገቡ ላይ ጻፈው። ወረቀቱ ላይ የሚታየው አርባ አንድ ነበር።

በማግስቱ ቅጂውን ሊያነሳ ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ለጠፈው። ፀሐይ ብልጭ አለች። ከጀርባ የመጣው ብርሃን ቁራጩን አሳልፎ፣ ከፊደሉ ሥር የደበዘዘች ጥላ ስትወጣ አየሁ፤ ከውስጥ ወደ ውጭ የምታይ ትመስል ነበር። አባቴ ብዕሩን አቁሞ ጠጋ አለ። ወዲያው ጉሙ ተመለሰ፤ መስታወቱ ነጭ ሆነ፤ ጥላዋ ሄደች። አባቴ ዓይኑን አሻሸና ሥራውን ቀጠለ። እኔ ጉሙ ያገዘን መሰለኝ።

ሰኔ ላይ ትምህርት ቤት ተዘጋ። የረጪዎቹ አለቃ ጋሽ ደምሴ በላንድሮቨር ሲወርዱ ሌንሴን ይዘዋት እንዲሄዱ አባቴ ለመናቸው። ከኋላ፣ በረጪዎቹና በመድኃኒት በርሜሎቹ መካከል ተቀመጠች። የተጠቀለለው ካርታ እንዳይረጥብ ጭኗ ላይ አስቀመጡላት፤ እንደ ሕፃን አቅፋ ያዘችው። መኪናው ገና በሩ ሳይደርስ ጉሙ ዋጠው። ድምፁ ግን ረጅም ጊዜ ይሰማ ነበር።

ጋሽ ደምሴ በሐምሌ ተመለሱ። ዝናብ እንደመታቸው ገብተው ወረቀታቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉና ሁሉም መንደር ትክክል መሆኑን፣ ጨፌ ቡርቃ ላይ ግን አንድ ቤት መጉደሉን ለአባቴ ነገሩት። ዝርዝሩ አርባ ሁለት ይላል፣ የተረጨው አርባ አንድ ነው። አባቴ ዋናውን ወረቀት አወጣ። ሁለት ጊዜ ጮክ ብሎ ቆጠረ። ከዚያ ስሙ ላይ ዓይኑ አረፈ፤ ቦታውን እንደለቀቀ ያን ጊዜ ታየው። ምላጩን አንስቶ ከወረቀቱ ጠርዝ ሥር አስገባው።

"አታንሳው" አልኩ።

"ለምን?"

"ያያቸዋል።"

"ማነው የሚያያቸው?"

"አንባቢው።"

አባቴ ምላጩን እንደያዘ ረጅም ጊዜ አየኝ። ያን ፊቱን አልረሳውም፤ ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ከዚያ አነሳው። ነጥቧ እዚያው ነበረች። ግማሹ ቀለሟ ከሙጫው ጋር ተነስቶ ከስሙ ጀርባ ላይ ቀርቷል። ወደ ጋሽ ደምሴ ዞሮ ጥፋቱ የሱ መሆኑን፣ ራሱ መቁጠር እንደነበረበት ነገራቸው። እኔን አልመታኝም፣ አልጠየቀኝም። ስሙን በአዲስ ወረቀት ጽፎ ወደላይ ሰካው፤ አሮጌውን ቁራጭ እኔ ሰረቅኩት።

ከዚያ በኋላ ዝናቡ አላባራም። መንገዱ ተቆርጦ መኪና አይወርድም። ነሐሴ መግቢያ ላይ አባቴ አንድ የመርጫ ፓምፕ በበቅሎ ጭኖ ብቻውን ሊወርድ ተነሳ። እኔን ለአዳዳ ድንቄ ሰጥቶ ሄደ። ሰባት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ቁልፉን ከተሰቀለበት አንስቼ የፊተኛውን ክፍል ከፈትኩ። ነጥቧ ተገልጣ ተቀምጣለች፤ ቀለሟ የሳሳ፣ በአንድ ጎኗ የተበላ። ሳያት ሳያት ሌላም ሰው አብሮኝ የሚያያት መሰለኝ። ዞሬ ለማየት አልደፈርኩም። አሮጌውን ቁራጭ በሙጫ መልሼ ለጠፍኩባት። አባቴ ቤታቸውን ሊያድን ጭቃ ሲቦካ፣ እኔ እዚህ ቤታቸውን ደግሜ ሰወርኩ።

ወንዙ ሞልቶ አላሻገረውም፤ እስከ ጭኑ ጭቃ ሆኖ ተመለሰ። ወረቀቱን ሲያይ ቁራጩን በቀስታ ላጠውና እጄ ላይ አስቀመጠው፤ ጣቶቼን ራሱ አጠፋቸው። ደብተሬ ውስጥ ከተትኩት።

መስቀል እንዳለፈ መንገዱ ተከፈተና አባቴ ከረጪዎቹ ጋር ወረደ። ሲመለስ ሌንሴ ከኋላው ነበረች፤ ፀጉሯ ተላጭቷል። አባቴ ደጁ ላይ ተቀምጦ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ለአዳዳ ድንቄ ነገራቸው። ገለታ በነሐሴ አጋማሽ በወባ ሞቷል። አዳዳ ድንቄ ደረታቸውን መቱ። እኔ ቀኑን አሰላሁ፤ ስሙ ከተነሳ በኋላ ነው። እንግዲያው ያነሳው ነው የገደለው አልኩ በልቤ። ለዘጠኝ ቀን አባቴን አላናገርኩትም። ሲጠራኝ አልሰማም፤ ምግብ ሲያቀርብልኝ ፊቴን አዞራለሁ። እሱም አላስገደደኝም፤ አሁን ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሌንሴ ደብተሬን ተውሳ ስትገልጥ ቁራጩ ወደቀ። አነሳችና በጣቷ እየተከተለች "ጨፌ ቡርቃ" ብላ አነበበችው፤ ከመጣች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ገለበጠችው። ጥቁሯን ነጥብ በጥፍሯ ፋቀች፤ አልለቀቀችም። ምን እንደሆነች ጠየቀችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። አንባቢውን፣ እንዴት እንደሸሸግኳቸው፣ አባቴ እንዴት እንዳነሳው። ባያነሳው ኖሮ አያገኛችሁም ነበር አልኳት። ሳወራ እያለቀስኩ ነበር። እሷ አላለቀሰችም። እስክጨርስ አዳመጠችኝና ረጪዎቹ የመጡ ቀን የሆነውን ትነግረኝ ጀመር።

እናቷ እንደተባሉት እቃውን ሁሉ፣ እንስራውን፣ ቁርበቱን፣ የገለታን መኝታ ሳይቀር ደጅ አውጥታ ነበር። ረጪዎቹ አርባ አንደኛውን ቤት ጨርሰው ወንዙ ጋ ቆሙ። ሌንሴ ከማዶ ሆና ጠራቻቸው፤ እጇን አወዛወዘች። ጋሽ ደምሴ ወረቀቱን ገለጡ፣ ወረቀቱን አዩ፣ እሷን አዩ፣ እንደገና ወረቀቱን አዩ። እዚህ ስም ብቻ ነው ያለው፣ ቤት የለም፣ የናንተ በሌላ ወረቀት ላይ ይሆናል፣ ሌላ ቡድን ይመጣል ብለዋት ተመለሱ። እናቷ ሦስት ቀን እቃውን ደጅ አድርጋ ጠበቀች። ከዚያ ዝናብ ሲያይል መልሳ አስገባችው።

"አሥራ አራት ቁጥር ደህና ናቸው" አለች ሌንሴ። "ሃያም ደህና ናቸው። አርባ አንድም። የተረጨው ቤት ሁሉ ደህና ነው። እኛ ጋ ብቻ ነው የመጣው።" ቁራጩን እያገላበጠች ቆየች። "በሽታው እኮ ማንበብ አይችልም።"

ይህን ያለችኝ ለነቀፋ አልነበረም፤ የማላውቀውን ነገር ልታስረዳኝ ነው። ቁራጩን በራሷ ደብተር ውስጥ አስገብታ ወጣች። መልሽልኝ አላልኳትም።

አባቴ መስኮቱ ጋ ቆሞ የሌላ መንደር ቅጂ ያነሳ ነበር። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ።

"አርባ አንድ ነበር የቆጠርኩት" አልኩት።

ብዕሩን አስቀመጠ። መስታወቱ ላይ ያለውን ወረቀት አወረደና የጨፌ ቡርቃን በምትኩ ለጠፈው። ስሙ ከፍ ብሎ ባዶ ሜዳ ላይ ተቀምጧል፤ አሮጌው የሙጫ ቢጫ ምልክት ከታች ይታያል። በዚያ ምልክት ውስጥ ያለችውን ነጥብ በአዲስ ቀለም አድሷታል።

"አሁን ቁጠሪልኝ" አለኝ።

ቆጠርኩለት፣ ድምፄን ሳልቀንስ፣ እስከ አርባ ሁለት።